የትራፊክ መብራት፦ የለንደኑ ጋዝ እና የክሊቭላንዱ ኤሌክትሪክ

(ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

የባቡር ባለሙያው ጆን ፒክ ናይት ያቀደው መብራት በዲሴምበር 1868 ለንደን ፓርላማው አጠገብ ተተከለ። አሠራሩ ከባቡር ሐዲድ ምልክት የተወሰደ ነው። ቀን ቀን ክንዶቹ አግድም ሲዘረጉ «ቁም»፣ ወደ 45 ዲግሪ ዝቅ ሲሉ «ተጠንቅቀህ እለፍ» ማለት ነበር። ሲመሽ ቀይና አረንጓዴ የጋዝ ፋኖስ ይበራል፤ የሚቀያይረው እዚያው ሥር የቆመ ፖሊስ ነው። ጉዳቱም የመጣው ከዚህ ነው፦ በጃንዋሪ 1869 ከቧንቧ ያፈተለከ ጋዝ ፈነዳና ፖሊሱን አቆሰለው። ምልክቱም ብዙ ሳይቆይ ተነሳ።

በጄምስ ሆግ ንድፍ የተሠራው የአሜሪካዋ ክሊቭላንድ ከተማ መብራት ኦገስት 5 ቀን 1914 በዩክሊድ ጎዳናና በምሥራቅ 105ኛ መንገድ መገናኛ ሥራ ጀመረ። በአራቱም ማዕዘን ቀይና አረንጓዴ አምፖል አለ፤ ቀለም ሊቀየር ሲል ደወል ያስጠነቅቃል። እዚህም የሚያዝዘው ሰው ነው፤ ግን ከጎን ካለች ጎጆ ሆኖ፣ በማብሪያ ማጥፊያ። ትልቁ ነገር ሽቦው የተዘረጋበት መንገድ ነው፦ ተቆጣጣሪው ቢሳሳት እንኳ ለሁለቱ ተሻጋሪ መንገዶች በአንዴ አረንጓዴ ማብራት አይችልም። ለእኔ ከአምፖሉ ይልቅ ይህ ጥንቃቄ ይበልጣል፤ የለንደኑን ስሕተት የሚከላከል ግን ፖሊሱ ብቻ ነበር።

ሁለቱም ቢጫ አልነበራቸውም። እሱን በ1920 ዲትሮይት ላይ የጨመረው የፖሊስ ባልደረባው ዊልያም ፖትስ ነው። ከትራፊክ መብራት ጋር ብዙ ጊዜ ስሙ የሚነሳው አሜሪካዊው የፈጠራ ሰው ጋሬት ሞርጋን በ1923 የባለቤትነት መብት ያገኘበት ምልክት ደግሞ ክንዱ በእጅ የሚዞር ነበር፤ ብልጫው ሁሉንም አቅጣጫ በአንዴ ማስቆሙ ነው።