የካንተርበሪ ራግቢ ታሪክ፦ ከዩኒየኑ ወይስ ከክለቦቹ ይጀመር?

የኒውዚላንድን የክፍለ ሀገር ራግቢ ታሪክ ለማጥናት የሚነሳ ሰው ሁለት መንገድ አለው፤ ከዩኒየኑ (የክፍለ ሀገሩን ራግቢ ከሚያስተዳድረው ማኅበር) ወይም ከክለቦቹ መጀመር። ምሳሌያችን ካንተርበሪ ነው፤ ክራይስትቸርች ከተማ ያለችበት ክፍለ ሀገር። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ከዩኒየኑ ሲጀመር፦ ጊዜ ይቆጥባል። የካንተርበሪ ዩኒየን በ1879 ተመሠረተ፤ የመላ አገሪቱ ዩኒየን በ1892 ሲቋቋም ካንተርበሪ፣ ኦታጎና ሳውዝላንድ አንገባም ብለው ቆዩ። ችግሩ ድንበሩ ላይ ነው። ሳውዝ ካንተርበሪ በ1888፣ አሽበርተን በ1927 ራሳቸውን ችለው ወጡ። ከ1888 በፊት የነበረ የቲማሩ (የሳውዝ ካንተርበሪ ከተማ) ክለብ የሚፈልግ ሰው በካንተርበሪ ሥር ካላየ ባዶ እጁን ይመለሳል።

ከክለቦቹ ሲጀመር፦ አድካሚ ነው፤ ሥሩ ግን እዚያ ነው። ክለቦቹ ዩኒየኑን ወለዱ እንጂ እሱ እነሱን አልወለደም። የክራይስትቸርች ክለብ በ1863 ሲመሠረት ዩኒየኑ ገና 16 ዓመት ይቀረው ነበር። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው፤ ክለቡ መጀመሪያ በራግቢ ሕግ አልነበረም የሚጫወተው። በራግቢ ሕግ የአገሪቱ የመጀመሪያ ግጥሚያ የተደረገው ሜይ 14 ቀን 1870 ኔልሰን ከተማ፣ በኔልሰን ኮሌጅና በከተማው ክለብ መካከል ነው። ስለዚህ «አንጋፋው ክለብ» የሚል ሲገጥማችሁ «በየትኛው ሕግ?» በሉ።

ወጪ፦ ለሁለቱም ያው ነው። የብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ የጋዜጣ ክምችት፣ ፔፐርስ ፓስት፣ በነፃ ይነበባል። የዘመኑ ጋዜጦች ጨዋታውን «ፉትቦል» ይሉት ስለነበር «ራግቢ» ብቻ ብሎ የሚፈልግ ብዙ ያመልጠዋል።

የራንፈርሊ ሺልድን (ክፍለ ሀገራት የሚፎካከሩበትን ዋንጫ) ፉክክር ለሚከታተል ዩኒየኑ ይሻላል። የአንድ ሰፈር ቡድን ወይም የአንድ ተጫዋች ዱካ ለሚፈልግ ክለቡ።