ማለዳ አልነሳ ያለኝን ኮምፒውተር ላስነሳችልኝ የቱሉ ዲምቱ ባለሙያ

ይህን ጽሑፍ የማቀርበው በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አካባቢ አነስተኛ የኮምፒውተር ጥገና ቤት ያላትን አንዲት ወጣት ባለሙያ በአደባባይ ለማመስገን ነው። ከዚህም ጋር፣ እንደ እኔ ኮምፒውተራቸው አልነሳ እያለ ጊዜና ገንዘብ ለሚያባክኑ ሰዎች የት ቢሄዱ እንደሚሻል ልጠቁም። ስሟንና ስልኳን እንዳልጽፍ አጥብቃ ጠይቃኛለች፤ ብቻዋን ስለምትሠራ ስልክ ስታነሳ ብትውል እጇ ላይ ያለው ሥራ ይቆማል። ስለዚህ ቦታውን እናገራለሁ እንጂ ስሟን አላነሳም።

የምተዳደረው የሠርግና የክርስትና ቪዲዮ በማቀናበር ነው። የአዳማው የክፍያ መንገድ ከሚጀምርበት ብዙም ሳይርቅ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ አንዱን መኝታ ክፍል የሥራ ቦታ አድርጌዋለሁ። ኮምፒውተሩን ከሦስት ዓመት በፊት የገዛሁት ከሰው እጅ ሲሆን፣ ማዘርቦርዱ (ክፍሎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ) ቢ450 ቺፕሴት ያለው፣ ፕሮሰሰሩ ባለ ስድስት ኮሩ ራይዘን 5 3600፣ ራሙም (ኮምፒውተሩ ሲሠራ መረጃ ለጊዜው የሚይዝበት ክፍል) እያንዳንዱ 16 ጊጋባይት የሆነ ጥንድ ዲዲአር4 ነው። መሀል ከተማ ተከራይተን በምንኖርበት ጊዜ አንድም ቀን አስቸግሮኝ አያውቅም። ወደዚህ ቤት በገባን በመጀመሪያው ኅዳር ግን፣ የማለዳው ብርድ እየጠነከረ ሲሄድ፣ ኮምፒውተሩ ጠባዩን ለወጠ። ማብሪያውን ስጫነው ማራገቢያው ይዞራል፣ መብራቱ ይበራል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። ጥቂት ቆይቶ በራሱ ይጠፋና እንደገና ይነሳል። ሦስት አራት ጊዜ እንዲህ ካደረገ በኋላ ከራሙ አጠገብ ያለችው ትንሽ ቀይ መብራት እንደበራች ይቀራል። ረፋድ አራት ሰዓት ገደማ ፀሐይ ክፍሉ ውስጥ ስትገባ ግን ምንም እንዳልሆነ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይነሳል።

የሠርጉ ወር ጥር እየመጣ ስለነበር ጊዜ አልሰጠሁትም፤ ኮምፒውተሩን በሚኒባስ ጭኜ መሀል ከተማ ወደሚገኝ አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት። እዚያ የደረስኩት እኩለ ቀን ላይ ነበርና በመጀመሪያው ንክኪ ተነሳ። ዊንዶውሱን ፎርማት አድርገው መለሱልኝ፤ በማግስቱ ማለዳ ያው ሆነ። ሁለተኛ ስሄድ ፓወር ሰፕላዩ ደክሟል ተባልኩና አዲስ ገዛሁ፤ በዚያም ለውጥ አልመጣም። ሦስተኛ ስሄድ ማዘርቦርዱ ስለሞተ ከ20 ሺህ ብር በላይ አውጥቼ ሌላ እንድገዛ ተነገረኝ። ሰዎቹ ክፋት ነበረባቸው አልልም፤ ዕቃው በእነርሱ ፊት አንድም ቀን አላጠፋም። ቢሆንም የሞተ ቦርድ ረፋድ ላይ እንዴት እንደሚነሳ የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ እኔም ራሴ አልጠየቅሁም።

ወደዚህች ባለሙያ የመራኝ የብሎካችን ጥበቃ ነው፤ የልጁን ላፕቶፕ ሠርታለት ያውቃታል። ኮምፒውተሩን ጠረጴዛዋ ላይ ሳስቀምጥ ማብሪያውን እንኳ አልነካችም። መጀመሪያ ያለችኝ፣ «ጋሼ፣ ከስንት ሰዓት በኋላ ነው የሚነሳልዎት?» የሚል ነበር። ስነግራት ጥቂት አሰብ አደረገችና፣ «እንግዲያስ አሁን ባየው ጤነኛ ሆኖ ነው የሚያታልለኝ። እዚህ ይደር፤ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ እኔው አስነሳዋለሁ» አለችኝ። መኖሪያዋ ከሱቁ ጀርባ ነው። በማግስቱ ስሄድ በስልኳ የቀረጸችውን አሳየችኝ፦ አራት ጊዜ ተነስቶ ይወድቃል፤ ከዚያ ቀይዋ መብራት ትቀራለች። ለሁለት ወር ያህል ብቻዬን የማየውን ነገር ሌላ ሰው ሲያየው የተሰማኝን እፎይታ ለመግለጽ ይከብደኛል።

ሁለተኛውን ሌሊት ደግሞ ሌላ ሙከራ አደረገች። የቀድሞው ባለቤት ራሙን በ3000 ፍጥነት እንዲሠራ አስተካክሎት ኖሯል፤ እሷ ወደ 2400 አወረደችውና አሳደረችው። ማለዳ ላይ በአንድ ጊዜ ተነሳ። ሁለቱን ራሞች አንድ በአንድ እየነቀለችም ፈተሸች፤ ሁለቱም ደህና ነበሩ። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን የሰዓት ባትሪ ለካችና 3 ቮልት መሆን ሲገባው 2.6 ሆኖ ስላገኘችው ቀየረችው፤ ሆኖም፣ «ይቺ ቀኑን እንዳይረሳ ታደርጋለች እንጂ የጠዋቱን ነገር አትፈታም» ስትል አስቀድማ ነገረችኝ። ባትሪዋን ምክንያት አድርጋ ብታስከፍለኝ አምናት እንደነበር እኔ አውቃለሁ።

የነገረችኝን ምክንያት በገባኝ መጠን ላስረዳ። ኮምፒውተር ሲበራ ማዘርቦርዱ ከራሙ ጋር በምን ቮልቴጅና በምን የጊዜ ልክ እንደሚነጋገር ይሞክራል፤ ካልተስማማለት ያጠፋና እንደገና ይሞክራል። ቅዝቃዜ የኤሌክትሪኩን ጠባይ በጥቂቱ ስለሚለውጥ፣ በሙቀት ጊዜ ለጥቂት የሚያልፈው ልክ በብርድ ጊዜ ሳያልፍ ይቀራል። ይህን ሙከራ የሚመራው ባዮስ የተባለው፣ ቦርዱ ላይ በአንዲት ቺፕ ውስጥ የተጻፈው ፕሮግራም ነው። በራይዘን ቦርዶች ላይ የዚህን ፕሮግራም እምብርት የሚያዘጋጀው የፕሮሰሰሩ አምራች ራሱ ኤኤምዲ ሲሆን፣ አጌሳ ይባላል፤ የቦርድ አምራቾች በየራሳቸው ባዮስ ውስጥ ያስገቡታል። የእኔ ቦርድ ባዮስ እ.ኤ.አ. ከ2019 አጋማሽ ጀምሮ ያልተነካ ነበር። ራይዘን 3600 ለገበያ የቀረበው በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ስለሆነ፣ ፕሮግራሙ የተጻፈው ፕሮሰሰሩ ገና አራስ ሳለ ነው ማለት ነው። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ኤኤምዲ ያወጣው እርማት ብቻ እንኳ የፕሮሰሰሮቹን ከፍተኛ ፍጥነት ከ25 እስከ 50 ሜጋኸርትዝ አሻሽሏል፤ ከዚያም በኋላ ብዙ እትሞች ተከታትለው ወጥተዋል።

ከዚህ በኋላ ሁለት ምርጫ ሰጠችኝ። አንደኛው ራሙን በ2400 ትቼ ያለምንም ክፍያ ወደ ቤቴ መሄድ ነው፤ ማለዳ ይነሳል፣ ሥራው ግን ይዘገያል። ሁለተኛው ባዮሱን ማደስ ነው። ማደሱ አደጋ እንዳለበት፣ በመሃል መብራት ቢጠፋ ቦርዱ ከናካቴው ሊሞት እንደሚችል ሳትደብቅ ነገረችኝ። ሁለተኛውን መረጥኩ።

የዝግጅቱ ጥንቃቄ ነው ይበልጥ የማረከኝ። የቱሉ ዲምቱን አቧራ በብሩሽ ከጠረገች በኋላ፣ የቦርዱን ሞዴል በባትሪ መብራት እያየች አነበበች፤ ከጥጉ ላይ በትንሹ የተጻፈውን የሪቪዥን ቁጥር ሳይቀር ፎቶ አነሳችው፤ አንድ ስም ያላቸው ሁለት ቦርዶች በሪቪዥን ከተለያዩ ባዮሳቸውም ሊለያይ ይችላልና። የባዮሱ ቺፕ 16 ሜጋባይት ብቻ ነበር። እንዲህ ባሉ ቦርዶች ላይ አንዳንድ አምራቾች ለአዳዲሶቹ ፕሮሰሰሮች ቦታ ለማግኘት ሲሉ የአሮጌዎቹን ድጋፍ እንደቀነሱ፣ አንዳንድ እትሞችም በቀጥታ ሳይሆን በመካከለኛ እትም በኩል ብቻ እንደሚጫኑ አስረዳችኝ። የአምራቹን ማሳሰቢያ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብባ በሁለት ደረጃ ለመጫን ወሰነች። የነበሩትን የባዮስ ማስተካከያዎችም ገጽ በገጽ በስልኳ ፎቶ አነሳች፤ እድሳቱ ሁሉንም ያጠፋቸዋል።

ቀጥላም በቺፗ ላይ በመቆንጠጫ የሚያያዝ ማንበቢያ አውጥታ የነበረውን ባዮስ ገልብጣ አስቀመጠች። መሣሪያው ርካሽ ነው፣ ብዙ ጥገና ቤት አለ። እሷ ግን በመሃል አንዲት ትንሽ ቀያሪ ሰካችበት። የቦርዴ ቺፕ በ1.8 ቮልት የሚሠራ ሲሆን መሣሪያው የሚሰጠው 3.3 ቮልት ስለሆነ፣ ያለ ቀያሪዋ ብትጠቀም ቺፗን ልታቃጥላት ትችል ነበር። «እኔም አንድ አቃጥዬ ነው የተማርኩት፤ የራሴን ነበር ደግነቱ» አለችና ሳቀች።

በዚያ ቀን መብራት ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ጠፍቶ አሥር ሰዓት ላይ መጣ። እኔ ተነስቼ እንጀምር ስል እሷ ተቀመጠች። አሁን የመጣ መብራት አይታመንም፣ ሲመጣም ሲሄድም ቮልቴጁ ይዘላል አለችኝ፤ መብራት ሲጠፋ በባትሪ ኃይል የሚሰጠው ዩፒኤስም እስኪሞላ አንድ ሰዓት ከሩብ ጠበቅን። ከዚያ ኮምፒውተሩን በዩፒኤስ በኩል ሰካች፣ ደንበኛ ሲገባ ገመዱን እንዳይረግጠው ሶኬቱን በወንበር ከለለች፣ በፋት32 ፎርማት ያደረገችውን ፍላሽ ሰክታ ከባዮሱ ውስጥ ማደስ ጀመረች። ከዊንዶውስ ላይ ማደስ እንደማትወድ፣ በመሃል አንድ ሌላ ፕሮግራም ቢበላሽ ጣጣው እንደሚበዛ ነገረችኝ። የመጀመሪያው እትም በጥቂት ደቂቃ አለቀ። ሁለተኛው ካለቀ በኋላ ግን ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ተነሳና ስክሪኑ ጨለማ እንደሆነ ቆየ። ማራገቢያው ይጮሃል፣ ይዝላል፣ እንደገና ይጮሃል። ሁለት ደቂቃ ገደማ ይሆናል፤ ለእኔ ግን የጾም ቀን ያህል ረዘመብኝ። እጄ ወደ ማብሪያው ሲሄድ ያዘችኝና፣ «ጋሼ፣ ራሙን እንደ አዲስ እየተዋወቀው ነው፤ ይተዉት» አለችኝ። በመጨረሻ የአምራቹ ምልክት ብቅ አለ።

ኦቨርክሎክ ለማድረግ፣ ማለትም ዕቃውን ከተመደበለት ፍጥነት በላይ ለማሠራት፣ የጠየቅሁት እኔ ነኝ፤ እሷ አላግባባችኝም። ራሙ የተገዛው 3200 ተብሎ ነበርና ያን ፍጥነት ኤክስኤምፒ በተባለው፣ ራሙ ላይ ቀድሞ በተመዘገበው ማስተካከያ አበራችው፤ በአሮጌው ባዮስ የቀድሞው ባለቤት ሊያስነሳው ያልቻለው ይኸው ነበር። ፕሮሰሰሩን በተመለከተ ስድስቱንም ኮሮች በ4.2 ጊጋኸርትዝ ሞከረች። አጭሩን ፈተና አለፈ፣ ሦስተኛው ሰዓት ላይ ግን ስህተት አወጣ። ቮልቴጅ ጨምሪለት ብላት እምቢ አለች። ምክንያቷን ስትነግረኝ ፈጽሞ ያላሰብኩት ነገር ሆነብኝ። እኛ ያለነው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ከባሕር ዳርቻው አየር በአምስት አንድ እጅ ያህል ይሳሳል። ያው ማራገቢያ በያው ፍጥነት ቢዞርም እዚህ የሚያወጣው ሙቀት ያነሰ ነው፤ ውጭ አገር ያለ ሰው የደረሰበትን ቁጥር ኢንተርኔት ላይ አይቶ መቅዳት የማይገባውም ለዚህ ነው። የፕሮሰሰሩ የሙቀት ጣሪያ 95 ዲግሪ ሲሆን፣ እሷ ከ80 እንዳያልፍ ፈለገች። በመጨረሻ 4.1 ጊጋኸርትዝ በ1.275 ቮልት ላይ አቆመችው። ሁሉንም ኮር በአንድ ፍጥነት መቸንከር አንድ ኮር ብቻ ሲሠራ የሚደርስበትን 4.2 እንደሚያስቀር፣ ለቪዲዮ ግን ስድስቱም አብረው ስለሚሠሩ ይህ እንደሚሻል አስረዳችኝ። ኦቨርክሎክ ያመጣው ጉዳት በፕሮሰሰሩ ዋስትና እንደማይሸፈንም ጨምራ ነገረችኝ፤ የእኔው እንኳ ዋስትናው ድሮ አልፎበታል።

ሜምቴስት86 የተባለውን የራም መፈተሻ ሌሊቱን አራት ዙር አስኬደችው፤ ስህተት አልተገኘም። ከዚያም ሁለት ማለዳ በብርዱ አስነስታ በስልኳ ቀርጻ ካሳየችኝ በኋላ ነው ያስረከበችኝ። ለሁሉም ሥራ የጠየቀችኝ 1500 ብር ነው፤ ባትሪዋን ጨምሮ። የቀድሞውንና የአሁኑን የባዮስ እትም፣ ቀኑን፣ ፍጥነቱንና ቮልቴጁን በእጇ የጻፈችበትን ወረቀት ከኮምፒውተሩ የውስጥ ክዳን ላይ ለጥፋልኛለች። አሮጌው ባዮስም በፍላሽ ተሰጥቶኛል።

ውጤቱን ሳላጋንን ልናገር። አንድ ሙሉ የሠርግ ቪዲዮ ለማውጣት ሁለት ሰዓት ከሩብ ይፈጅብኝ ነበር፤ አሁን ሁለት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ አካባቢ ይወስዳል። ተአምር አይባልም፣ እሷም ቃል አልገባችልኝም። ማለዳ 12 ሰዓት ተቀምጬ ሥራ መጀመሬ ግን ጥርን አትርፎልኛል፤ ኮምፒውተሩ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ሁለቴ አልተነሳም።

ለሚሄድ ሰው ጥቂት ነገር ላሳስብ። ሥራዋ ቀርፋፋ ነው፤ የእኔው አምስት ቀን ፈጅቷል፣ የቸኮለ ሰው ይናደዳል። ምንም ችግር የሌለበትን ኮምፒውተር ባዮሱን አድሽልኝ ብሎ የመጣን አንድ ወጣት በፊቴ መልሳዋለች፤ ደህና የሚሠራውን መንካት አልፈልግም ነው ያለችው። የማይነሳ ሁሉ የባዮስ ችግር እንዳልሆነም ልታውቁት ይገባል፤ እኔ ባለሁበት የመጣው የጎረቤቷ ኮምፒውተር ካፓሲተሩ (ቦርዱ ላይ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ትንሽ ክፍል) አብጦ ነበር፣ እሱን እድሳት አያድነውም። ሱቋ ከታክሲ መውረጃው ወደ ኮንዶሚኒየሙ ሲገቡ ከወፍጮ ቤቱ ቀጥሎ ባለው የቆርቆሮ ረድፍ ውስጥ ነው፤ በክረምት መንገዱ ስለሚጨቀይ ከመውረጃው ባጃጅ መያዝ ይሻላል። ሰኞ አትከፍትም። የኮምፒውተሩን የኃይል ገመድ ይዛችሁ ሂዱ፤ እኔ ረስቼው አራተኛ ፎቅ ድረስ ተመልሻለሁ።