በጀጎል ውስጥ የተሰናዳ የፋሲካ ማዕድ፦ የአንድ ሐረሪ የእንግዳ ማረፊያ አገልግሎት

ጥቂት አይሁዳውያን ቤተሰቦች የዘንድሮውን የሰደር ማዕድ፣ ማለትም የፋሲካቸው የመጀመሪያ ሌሊት እራት፣ ያሰናዱት በሐረር ጀጎል ግንብ ውስጥ አንድ የሐረሪ ቤተሰብ በሚያስተዳድረው የእንግዳ ማረፊያ ነበር። ከተጋባዦቹ አንዱ ስለነበርሁ፣ ተመሳሳይ ዝግጅት ለሚያስቡ ይጠቅም ዘንድ ስለ አገልግሎቱ እጽፋለሁ።

በዚህ በዓል ትልቁ ፈተና ወጥ ቤቱ ነው። ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 12 እንደሚያዝዘው እርሾ ያለበት ሁሉ ከቤት ይወጣል፤ ቂጣውም ዱቄቱን ውኃ ከነካው ጀምሮ በ18 ደቂቃ ውስጥ መጋገር ስላለበት ቤተሰቦቹ የተዘጋጀውን ይዘው መጥተዋል። የቤቱ እመቤት ስለ ምግቡ ዓይነት ከመነጋገራቸው በፊት የማይፈቀደውን አንድ በአንድ ጠይቀው አስጻፉ። ጤፍ የአይሁድ ሕግ ሲቦኩ በፋሲካ ከሚከለክላቸው አምስት እህሎች ውስጥ ባይሆንም፣ እንጀራ ቦክቶ የሚጋገር በመሆኑና በመካከላችን የነበሩት የጎንደር ቤተ እስራኤል እናት በፋሲካ የቦካ ነገር ከቶ ስለማይቀምሱ፣ በዚያ ሌሊት እንጀራ በማዕዱ አልቀረበም። ድስቱና ሳህኑም በአዲስ ተተካ። እምነቱ የእርሳቸው ላልሆነ ሰው ይህን ያህል መጠንቀቅ ትልቅ አክብሮት ነው፤ እኔም ከሁሉ አስበልጬ የማደንቀው ይህንኑ ነው።

በሕጉ መሠረት የሚያርድ ሰው ስላልነበረ ሥጋ አልቀረበም፤ የፋሲካውን በግ ለማስታወስ በማዕዱ ሳህን ላይ የሚቀመጠውንም አጥንት የተጠበሰ ቀይ ሥር ተክቶታል፤ ይህም በሥጋ ፋንታ የሚፈቀድ ነው። ለመራራው ቅጠል ሰላጣ፣ በጨው ውኃ ለሚነከረው አትክልት ደግሞ ድንች ቀረበ። በግብፅ ባርነት ጊዜ የነበረውን የጡብ ጭቃ የሚያስታውሰው ጣፋጭ ድልህ፣ ሐሮሴት፣ የተሠራው የመን አይሁድ እንደሚያደርጉት ከተምር፣ ከሰሊጥና ከዝንጅብል ሲሆን፣ ተምሩና ቅመሙ በሐረር ገበያ ስለማይታጣ ከማዕዱ ሁሉ የላቀው እርሱ ሆነ። ቤቱ የሙስሊም ቤት በመሆኑ አልኮል አይገባም፤ ስለዚህ በሥርዓቱ መሠረት በዚያ ሌሊት ለሚጠጣው አራት ጽዋ ወይን ዘቢብ ዘፍዝፈው የጨመቁትን አቀረቡልን። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ለቅዳሴ የሚሆነው ወይን ከዘቢብ እንደሚዘጋጅ ስለሚያውቁ፣ ይህን ማየት ለብዙዎቻችን እንግዳ አልነበረም።

የሐረሪ ቤት አሠራር ለዚህ ሌሊት እጅግ ተስማሚ ነው። ሐጋዳው፣ ማለትም ከግብፅ የመውጣቱን ታሪክ የያዘው የሌሊቱ መጽሐፍ፣ ሲነበብ ተጋባዡ ነፃ የወጣ ሰው እንደሆነ ለማሳየት ወደ ግራው ጋደም ብሎ ይጠጣል፤ ይህንንም በወንበር ላይ ማድረግ ሲያስቸግር፣ በቀይ አፈር የተቀባውና ምንጣፍና ትራስ የተደረደረበት የነደባ መደብ ግን በራሱ ያስተኛል። እጅ መታጠቡንም የቤቱ ልጆች በማንቆርቆሪያና በሳፋ እየዞሩ ስላከናወኑት፣ ሥርዓቱ ከአገራችን የማዕድ ወግ ጋር ተዋሐደ። ትንሹ ልጅ ይህ ሌሊት ከሌሎቹ ለምን እንደሚለይ የሚጠይቁትን አራቱን ጥያቄዎች ሲያቀርብ፣ በር ላይ ቆመው የሚያዳምጡት አስተናጋጆች ፊት የነበረው ትኩረት የእኛን ያህል ነበር።

ጉድለቶቹም መነገር አለባቸው። ንባቡ ከእራቱ በፊት ረዘም ያለ መሆኑ አስቀድሞ ቢነገርም፣ ወጥ ቤቱ ምግቡን ቶሎ አውጥቶ ስለነበር ድንቹና የአትክልት ወጡ ቀዝቅዞ ደረሰን፤ ሕፃናቱም ከረሃባቸው የተነሣ ተኝተው፣ ልጆች እንዲፈልጉት በሥርዓቱ የሚደበቀውን ቂጣ የፈለጉት ሁለት ታዳጊዎች ብቻ ነበሩ። ከዚህ የሚከፋው ግን የአዲሶቹ ድስቶች ዋጋ በስምምነቱ ላይ ሳይጠቀስ በመጨረሻው ሒሳብ ላይ መታከሉ ነው። ቤተሰቦቹ ሳያጉረመርሙ ከፍለዋል፤ ቢሆንም ዕቃው ለሚቀጥለው ዓመትም እዚያው የሚቀር ስለሆነ ቤቱ ወጪውን ቢጋራ ተገቢ ነበር።

ወደዚህ ቤት ለመሄድ የምታስቡ ከበዓሉ አንድ ወር ያህል ቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ የተከለከሉትን ዝርዝር በጽሑፍ ስጡ፣ ለሕፃናቱ ከንባቡ በፊት የሚቀርብ የተቀቀለ ድንችና እንቁላል እዘዙ፣ የዕቃውንም ዋጋ በመጀመሪያው ቀን ጠይቁ። ጥብቅ የኮሸር፣ ማለትም የአይሁድ የምግብ ሕግ፣ ቁጥጥር የሚፈልግ ሰው ግን ይህ ቤት አይበቃውም፤ በምድጃው ዓመቱን ሙሉ የሌላ እንግዳ ምግብ ይበስልበታልና።