ባለ ሁለት ሜትሩ ግላይደር፦ አውሮፕላኑ ጥሩ፣ መመሪያው አይረቤ

በሪሞት የሚበር ግላይደር፣ ማለትም ሞተሩ ጠፍቶ አየር ላይ የሚንሸራተት ሞዴል አውሮፕላን፣ የሚወድ ሰው አዲስ ሳጥን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያነሳው ክንፉን ነው። እኔም እንደዚያው። የዚህኛው ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሁለት ሜትር ነው፤ ለሁለት ተከፍሎ ይመጣና መሃል ላይ በካርቦን ዘንግ ይጋጠማል። ከባልሳ እንጨት ተሠርቶ በስስ የፕላስቲክ ሽፋን ተለብጧል። ወደ ብርሃን ከፍ ሲያደርጉት የውስጡ አጥንቶች አንድ በአንድ ይታያሉ፣ የተዛባ የለም። አካሉ ፋይበርግላስ ነው፤ ቀላልና ጠንካራ። እስከዚህ ድረስ እጃቸው ይባረክ የሚያሰኝ ሥራ ነው። ስሙን ልለፈው፤ እንዲህ ያለው ሞዴል በየሻጩ ሌላ ሌላ ስም እየተለጠፈበት ነው የሚወጣው።

ጣጣው የሚጀምረው ከትንንሾቹ ነገሮች ነው። ሰርቮ የሚባለውን ትንሽ አንቀሳቃሽ ሞተር ከፍላፑ፣ ከክንፉ ኋላ ከሚታጠፈው ክፍል፣ ጋር የሚያገናኘው ሽቦ ጫፉ ላይ ያለው ማያያዣ ፕላስቲክ ነው። ቀዳዳው 1.6 ሚሊሜትር፣ ፒኑ 1.3። ይቺ ምን ታመጣለች የሚል አይጠፋም። ፍላፑን የኋላ ጠርዙ ላይ በሁለት ጣት ያዙትና ወደ ላይና ወደ ታች ነቅነቅ አድርጉት። ሰርቮው ንቅንቅ ሳይል ፍላፑ ሁለት ሚሊሜትር ያህል ይላወሳል። በዝግታ ሲበር ጉዳቱ አይታይም። አፍንጫውን ደፍቶ ሲፈጥን ግን ያ ልቅነት ወደ መርገብገብ ይለወጣል፤ መርገብገብ ከጀመረ ደግሞ ፍላፑን ከማጠፊያው ለመንቀል ጊዜ አይፈጅበትም። እኔ ሁሉንም አውጥቼ በብረት ተካሁ። አዲሱ ፒን ትንሽ ካልተገፋ አይገባም፤ መሆን ያለበትም እንደዚያ ነው።

ሌላው መፈተሽ ያለበት የክንፉ መጠምዘዝ ነው። ይሄ በማስመሪያ አይያዝም፣ ዓይን ነው የሚፈልገው። ክንፉን ገጥማችሁ ከኋላ በኩል ቁሙና አንድ ዓይን ጨፍናችሁ አሻግራችሁ እዩት። የኔው የግራ ጫፍ የኋላ ጠርዙ ከቀኙ ቀና ብሎ ነበር። ሽፋኑ ሙቀት ሲነካው የሚኮማተር ዓይነት ስለሆነ ማቃናቱ ከባድ አይደለም። ክንፉን በተቃራኒው ጠምዘዝ አድርጎ መያዝ፣ ሙቅ አየር መንፋት፣ ሳይቀዘቅዝ አለመልቀቅ። ይህን በትሪም፣ ሪሞቱ ላይ ባለው ጥቃቅን ማስተካከያ፣ አስተካክለዋለሁ የሚል ሰው ሁሌም አለ። ይስተካከላል፣ ግን ለአንድ ፍጥነት ብቻ። ፍጥነቱ ሲቀየር እንደገና ወደ አንድ ጎን መሳብ ይጀምራል።

ሞተሩ፣ የሞተሩን ኃይል የሚቆጣጠረው ስፒድ ኮንትሮለርና ሰርቮዎቹ ተገጥመው ነው የሚመጡት። ስለ እነሱ ብዙ የምለው የለኝም፤ ይሠራሉ። አንድ ነገር ብቻ፦ የስፒድ ኮንትሮለሩ ፍሬን ጠፍቶ ነው የሚመጣው። የግላይደር ፕሮፔለር ሞተሩ ሲጠፋ መዞሩን ማቆም አለበት፤ ያኔ ነው ንፋሱ ወደ ኋላ አጥፎ ከአካሉ ጎን የሚያስተኛው። ፍሬን ከሌለ ንፋሱ ራሱ ያሽከረክረዋል፣ አውሮፕላኑንም ወደ ኋላ ይጎትተዋል። መመሪያው ስለዚህ ትንፍሽ አይልም። የኔውን ያበራሁት ትሮትሉን፣ የሞተሩን ማፍጠኛ፣ እስከ ላይ ገፍቼ ባትሪውን በመሰካትና ጩኸቱን በማዳመጥ ነው። በዚህ ጊዜ ፕሮፔለሩ ተፈትቶ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፤ እዚህ ጋ ቀልድ የለም። ፌይልሴፉንም እዚያው ጨርሱት። ሪሞቱ ሲጠፋ ሞተሩም አብሮ መጥፋት አለበት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሳጥኑ ውስጥ 30 ግራም የእርሳስ ብረት አለ። መመሪያው አፍንጫው ውስጥ በኢፖክሲ ይለጠፍ ይላል። ይሄ ከተደረገ በኋላ አውሮፕላኑ ከነባትሪው 980 ግራም ይመዝናል፤ ሚዛኑም፣ ማለትም ወደ ፊትም ወደ ኋላም ሳይደፋ በጣት የሚቆምበት ነጥብ፣ ከክንፉ የፊት ጠርዝ 62 ሚሊሜትር ወደ ኋላ ላይ ይውላል። ክንፉ ሥሩ ላይ 200 ሚሊሜትር ስፋት ስላለው 31 ከመቶ መሆኑ ነው። ለመጀመሪያ በረራ ደህና ቁጥር ነው፣ በዚህ አልጣላም። የሚያናድደኝ አጣብቁት ማለቱ ነው። አንዴ ኢፖክሲ ከያዘው በኋላ ማን ያወጣዋል? እኔ በፕላስተር ነው ያሰርኩት።

የመጀመሪያው በረራ ረጅም ሣር ያለበት ሜዳ ላይ፣ ንፋሱ ሣሩን በማያወዛውዝበት ሰዓት ይሁን። ከሞተሩ በፊት በእጅ መወርወር ይቀድማል። ፊትን ወደ ንፋሱ መልሶ፣ ክንፉን አስተካክሎ፣ አፍንጫውን ከአድማሱ ትንሽ ዝቅ አድርጎ መልቀቅ። ሽቅብ መወርወር የለም፤ ሽቅብ የተወረወረ ፍጥነት ያጣና ይደፋል። የኔው ቀጥ ብሎ ሄደ፣ ትንሽ ወደ ታች እየከበደው፣ ከዚያ ሣሩ ላይ በሆዱ ተኛ። ኢሌቫተሩን፣ አፍንጫውን የሚያነሳና የሚደፋውን የጅራት ክፍል፣ ጥቂት ወደ ላይ ትሪም አደረግኩና በሞተር ለቀቅኩት።

አወጣጡ ኃይለኛ ነው። ትሮትሉ ሙሉ ሲሆን ግን አፍንጫውን ይሰቅላል። ስለዚህ ሞተር ሲሰጠው ኢሌቫተሩ ሁለት ሚሊሜትር ወደ ታች እንዲወርድ ሪሞቱ ላይ ሚክስ ሠራሁለት፤ ከዚያ ወዲህ የሪሞቱን ስቲክ ሳልነካው ቀጥ ብሎ ይወጣል። ኤፍ5ጄ በሚባለው የኤሌክትሪክ ግላይደሮች ውድድር ሞተር የሚፈቀደው ቢበዛ 30 ሰከንድ ነው። ይሄ ሞዴል ለውድድር የተሠራ አይደለም፤ ቢሆንም በዚያች ጊዜ ውስጥ የሚያስፈልገውን ከፍታ ይይዛል።

ሞተሩን ሳጠፋ ፕሮፔለሩ ታጠፈና ዝም አለ። ሲንሸራተት የዋህ ነው። እንዲያውም ከልክ በላይ የዋህ፤ ወደ ላይ የሚወጣ አየር ውስጥ ሲገባም ሲወጣም ምንም አይነግራችሁም። እዚህ ላይ ነው የመጥለቅ ሙከራ የሚያስፈልገው። በቂ ከፍታ ላይ አፍንጫውን ወደ 45 ዲግሪ ደፋ አድርጉና ስቲኩን ልቀቁት። ከዚያ ዝም ብሎ ማየት ነው። ቶሎ ቀና ብሎ ሽቅብ ከተተኮሰ አፍንጫው ከባድ ነው። ጭራሽ ወደ ታች መድፋቱን ካባሰው ጅራቱ ከባድ ነው፣ ሳይውል ሳያድር አቅኑት። በያዘው መስመር ትንሽ ሄዶ ቀስ እያለ ሰፊ ቅስት ሠርቶ ከተቃና ደህና ነው።

የኔው እንደ ተነካ ፌንጣ ነው ተፈናጥሮ የወጣው። አፍንጫው ስለከበደ፣ በዝግታ ሲሄድ እንዳይደፋ ኢሌቫተሩ ወደ ላይ ተይዟል። ፍጥነት ሲጨምር ያው ኢሌቫተር ጉልበት ያገኝና ሽቅብ ይስበዋል። ነገሩ ይኸው ነው።

እርሳሱን በጥቂት በጥቂቱ መቀነስ ጀመርኩ። ትንሽ ይነሳል፣ ትሪሙ ወደ ታች ይመለሳል፣ እንደገና ይጠልቃል። ትሪሙን ሳይመልሱ መሞከር ዋጋ የለውም፤ አውሮፕላኑ የሚነግራችሁ የድሮውን ነው። ሂሳቡን ለሚወድ፦ እርሳሱ ከሚዛኑ 350 ሚሊሜትር ያህል ወደ ፊት ነው ያለው። 30 በ350 ይባዛ፣ ለቀሪው 950 ግራም ይካፈል፣ 11 ሚሊሜትር ይመጣል። እንደተባለውም እርሳሱ ሙሉ በሙሉ ሲወጣ ሚዛኑ 73 ላይ አረፈ። ሲጠልቅም ያን የምፈልገውን ሰፊ ቅስት ሠራ። ለዚህ ነው በፋብሪካው መመሪያ ያልተደሰትኩት። አጣብቁት ያሉኝ ብረት ጭራሽ የማያስፈልግ ነበር! ልብ በሉ፣ ይህ የሆነው ባለ ሦስት ሴል 1300 ሚሊአምፒር ሰዓት ባትሪ ጋር ነው። ከዚያ የከበደ ባትሪ አፍንጫው ውስጥ ካስገባችሁ ቁጥሩ ሌላ ነው።

መዞሩ ላይም መመሪያውን አልሰማሁትም። ኤለሮኑ፣ ክንፉ ጫፍ አካባቢ ያለው አውሮፕላኑን የሚያጋድለው ክፍል፣ ወደ ላይም ወደ ታችም 12 ሚሊሜትር ይሂድ ይላል። ረጅም ክንፍ ላይ እንዲህ አይሆንም። የወረደው ኤለሮን ከወጣው ይልቅ ክንፉን ወደ ኋላ ስለሚይዘው፣ ወደ ግራ ልዙር ስትሉት አፍንጫው መጀመሪያ ወደ ቀኝ ያያል። ወደ ላይ 14፣ ወደ ታች 7 አደረግኩት፤ ራደሩም፣ ጅራቱ ላይ የቆመው መሪ፣ ከኤለሮኑ ጋር ትንሽ እንዲዞር አዘዝኩ። አሁን ሲዞር ጅራቱ ወደ ውጭ አይንሸራተትም።

ለማረፍ ሲሆን ፍላፑ ወደ ታች፣ ኤለሮኑ በመጠኑ ወደ ላይ ይሄዳል። ይሄ ከሁሉም የወደድኩለት ነገር ነው። መመሪያው ፍላፑን 40 ዲግሪ ላይ ያቆመዋል፤ የሰርቮውን ክንድ ከመሃል አዘንብላችሁ ብትገጥሙት 60 ይደርሳል። ፍላፑ ሲወርድ አፍንጫው ሽቅብ ስለሚነሳ ኢሌቫተሩ ወደ ታች መካስ አለበት። 2 ሚሊሜትር ይበቃል ተብሏል፣ የኔው ግን 5 ነው የፈለገው። ይህን ቁጥር ከመሬት አጠገብ አትፈልጉት። ከፍ ብላችሁ ፍላፑን እያወረዳችሁና እየመለሳችሁ አስተካክሉ። ሲስተካከል ሜዳው ጠበበኝ ማለት አይኖርም፤ ያሰባችሁበት ቦታ ላይ ይወርዳል።

ትክክለኛው ፈተና የመጣው ፀሐይ መሬቱን ካሞቀችው በኋላ ነው። 73 ላይ ያለው ሚዛን ወዲያው ለየ። በዝግታ እየሄደ ሳለ የቀኙ ክንፍ ጫፍ ድንገት ተገፋ፣ ጅራቱም ቀና አለ። በአፍንጫ ከባድነቱ ጊዜ ይሄን አላየውም ነበር። ወደ ተነሳው ክንፍ አዞርኩት፣ ክቡን አጠበብኩ፣ ያለ ሞተር መውጣት ጀመረ። ጠባብ ክብ ላይ ፍጥነት ሲያጣ ክንፉን አይጥልም፤ አፍንጫውን ለስለስ አድርጎ ዝቅ ያደርግና ራሱ ይመለሳል። ለዚህ መጠን ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ንፋስ ሲበረታ ግን ይቸገራል። 36 ካሬ ዴሲሜትር ክንፍ 950 ግራም ሲሸከም ለእያንዳንዱ ካሬ ዴሲሜትር 26 ግራም ገደማ ነው የሚደርሰው፤ እንዲህ የቀለለ ግላይደር ነፋሻማ ቀን ላይ ወደ ፊት ለመሄድ ይለምናል።

ለጀማሪ አልመክረውም። ጀማሪ ፎም ይግዛ፣ ቢወድቅ በሙጫ ይድናል። ባልሳ ለማብረር እጁ ለፈታ ሰው ግን፣ የፕላስቲክ ማያያዣዎቹን ለመጣልና መመሪያውን በጥርጣሬ ለማንበብ እስከተዘጋጀ ድረስ፣ ዓይኔን ሳላሽ ግዛው እለዋለሁ። የባትሪውን ክፍል የሚዘጋው ክዳን በሁለት ቀጫጭን ማግኔቶች ብቻ ነው የተያዘው፤ በመጥለቅ ሙከራ ላይ የመብረር ጠባይ አለው። ክንፍና ጅራት ለብቻቸው ይሸጣሉ፣ ክዳኑ ግን አይሸጥም። ስለዚህ ፕላስተር ይዛችሁ ውጡ።