የሉዊስና ሾርት የላቲን መዝገበ ቃላት፦ «ፓሉስ» በሚለው ስም ሲፈተን

ሉዊስና ሾርት እ.ኤ.አ. በ1879 የታተመ የላቲን–እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ነው። ዛሬ በፐርሴየስና በሎጌዮን ድረ ገጾች ላይ በነፃ ይገኛል። ጠንካራና ደካማ ጎኑ «ፓሉስ» በሚለው አንድ ስም፣ ማለትም በረግረግ፣ ጥርት ብሎ ይታያል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ገና ሲፈልጉ ነው። አጻጻፋቸው አንድ የሆነ ሁለት ስሞች አሉ። አንዱ ተባዕታይ ሲሆን አገናዛቢው (የባለቤትነት ቅርጹ) «ፓሊ» ነው፤ የመጀመሪያው «ፓ» ረጅም ነው፤ ፍቺው ችካል ነው። ረግረጉ ግን አንስታይ ነው፤ አገናዛቢው «ፓሉዲስ»፣ የመጀመሪያው «ፓ» አጭር። ስለዚህ ከፍቺው በፊት አገናዛቢውን እዩ። ጽሑፉ ላይ «ፓሉዴም» ካገኛችሁ ረግረግ ነው፤ «ፓሎ» ከሆነ ችካል። «ፓሉዳቱስ» ደግሞ ከውሃ ጋር ምንም አይገናኝም፤ የጦር ካባ የለበሰ ማለት ነው።

የመዝገቡ ትልቁ ሀብት ጥቅሶቹ ናቸው። ፓሉስ ረግረግ ብቻ እንዳልሆነ የሚገባው በእነሱ ነው፤ በረግረጉ የሚበቅለው ቄጠማም በዚሁ ስም ይጠራል። ሮማዊው ገጣሚ ማርሻል (መጽሐፍ 14፣ ግጥም 160) ለፍራሽ መሙያ ስለሚከተፍ «ፓሉስ» ሲናገር ቄጠማውን ማለቱ ነው፤ ይህን የማያውቅ ተርጓሚ ጭቃ ይከትፋል። ገጣሚዎች ቃሉን ለሙታን ዓለም ውሃም ይጠቀሙበታል። ገጣሚው ቨርጂል በኤኔይድ መጽሐፍ 6፣ ስንኝ 323 ለሙታን ዓለም ወንዞች፣ ለኮኪቱስ «ስታግና» (የ«ስታግኑም» ብዙ ቁጥር)፣ ለስቲክስ «ፓሉዴም» ብሎ ሁለቱን በአንድ ስንኝ አሰልፏቸዋል። ስለዚህ ስታግኑም የረጋ ውሃ፣ ፓሉስ ጭቃማ ረግረግ፣ ላኩስ ሐይቅ ወይም ገንዳ የሚለው ልዩነት ለስድ ንባብ ይበጃል እንጂ በግጥም ላይ አይጽናም።

የግጥም ምጣኔ (የረጅምና አጭር ክፍለ ቃላት ስልት) የሚቆጥሩም ይጠንቀቁ። የ«ፓሉስ» ሁለተኛ ክፍለ ቃል ዘወትር ረጅም ነው፤ ገጣሚው ሆራስ ግን አርስ ፖኤቲካ በተባለው ግጥሙ ስንኝ 65 ላይ አሳጥሮታል።

ሉዊስና ሾርትን በሥርወ ቃል ግን አትመኑት፤ እውቀቱ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ለዚህ የሚሻለው ሚኪል ደ ቫን እ.ኤ.አ. በ2008 ያሳተመው የላቲን ሥርወ ቃል መዝገብ ነው። ቃሉ ኩሬ ከሚባለው የሳንስክሪት «ፓልቫላ» እና ረግረግ ከሚባለው የሊቱዌንያ «ፔልኬ» ጋር ይዛመዳል። የልጅ ልጆቹንም በሮማንስ ቋንቋዎች መዛግብት ፈልጉ፤ በሩማንያ «ፓዱሬ» ሆኖ ጫካ ማለት ሆኗል፣ ፈረንሳዮችም ወባን «ፓሉዲዝም» የሚሉት ከዚሁ ነው።

የኦክስፎርዱ የላቲን መዝገበ ቃላት በአቀራረቡ ይበልጠዋል፤ ነገር ግን እስከ እ.ኤ.አ. 200 ገደማ የተጻፈውን ላቲን ብቻ ይሸፍናል። ከዚያ በኋላ የጻፉትን የቤተ ክርስቲያን አባቶች አውግስጢኖስንና ጄሮምን ለምታነቡ ሉዊስና ሾርት ከእጃችሁ አይጥፋ።