አብላጫ ድምፅ ወይስ ተመጣጣኝ ውክልና?

ቢቸና ላይ ሦስት ሰዎች ለአንድ ወንበር ተወዳደሩ እንበል። ከ100 መራጭ 40ው አንዱን፣ 35ቱ ሁለተኛውን፣ 25ቱ ሦስተኛውን መረጡ። በአብላጫ ድምፅ 40 ያገኘው ያልፋል፤ የ60ው ሰው ድምፅ ሜዳ ላይ ይቀራል። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 54 የደነገገው ይህንኑ ነው። በ2007 ዓ.ም. ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም የፓርላማ ወንበር ይዘዋል። ለሌላ ፓርቲ ድምፁን የሰጠ ገበሬ አንድም ወኪል አላገኘም። እኔን እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይኸው ነው።

በተመጣጣኝ ውክልና ግን ወንበሩ እንደ ድምፁ መጠን ይከፋፈላል። ደቡብ አፍሪካ 400 የምክር ቤት ወንበሮቿን የምትደለድለው እንዲህ ነው፤ በ2016 ዓ.ም. ገዥው ፓርቲ ኤኤንሲ 40 በመቶ ያህል ድምፅ አግኝቶ 159 ወንበር ወሰደ፣ ብቻውን መንግሥት መመሥረት ስላልቻለም ከሌሎች ጋር ተጣመረ።

የአብላጫ ድምፅ ትልቁ ጥቅም ቅርበቱ ነው። የሞጣ ሰው መንገዱ ሲበላሽ፣ ማዳበሪያ ሲዘገይ «የእኛ ተመራጭ የት አለ?» ብሎ የሚጠይቀው አንድ የታወቀ ሰው አለው። በተመጣጣኝ ውክልና ግን መራጩ የሚመርጠው የፓርቲን የዕጩዎች ዝርዝር ነው፤ ፓርቲ አዲስ አበባ ተቀምጦ በሚያወጣው ዝርዝር ጎጃምን ረግጦ የማያውቅ ሰውም ወኪል ሊሆን ይችላል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ቆጠራው በአብላጫ ድምፅ ይቀላል፤ ጥምር መንግሥት ደግሞ ድርድር ይፈልጋል። ድርድሩ አያስፈራኝም፤ የጎጃም ሽማግሌ ዛፍ ሥር ውሎ ደም ያስታርቃል። ስለዚህ ምርጫዬ ተመጣጣኙ ነው፤ ዝርዝሩ ግን ለአገር በጅምላ ሳይሆን ለየአካባቢው ይውጣ፣ ምሥራቅ ጎጃም የራሱን፣ ምዕራብ ጎጃምም የራሱን ዕጩዎች በስም እያወቀ ይምረጥ።