ዓይኔ ውስጥ ያለው ሌንስ፦ ከ10 ወር በኋላ

ቀኝ ዓይኔ ታኅሣሥ መጨረሻ፣ ግራዬ ደግሞ መጋቢት ላይ የሞራ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸዋል። በሁለቱም በተፈጥሮው ሌንስ ፈንታ የገባልኝ ሰው ሠራሽ፣ ባለ አንድ ትኩረት ሌንስ ነው፤ አጥርቶ የሚያሳየው አንድ ርቀት ብቻ ነው። ባሕር ዳር ልብስ ስሰፋ 31 ዓመት ሆነኝ። ስለዚህ የምናገረው ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪና ላይ ተቀምጦ የሚውል ሰው የሚያየውን ነው።

ቀኝ ዓይኔ ላይ የነበረው ሽፋን የተነሣ ዕለት ከልጄ ጋር ወደ ጣና ዳር ወረድን። በደንገል ታንኳ የሚያልፍ ሰው ነበር፤ መቅዘፊያው ከውኃው ሲወጣ የሚንጠባጠበው ሁሉ ታየኝ። ከዚያ አንዱን ዓይኔን እየሸፈንኩ ነጠላዬን አየሁት። በቀኜ ነጭ ነው። ገና ባልታከመው በግራዬ ሳየው ግን ሻይ የፈሰሰበት ይመስላል። የተፈጥሮ ሌንሳችን ሞራ ሲይዘው ቢጫ፣ ኋላም ቡናማ እየሆነ ይሄዳል፤ ቀስ እያለ ስለሚመጣ ለባለቤቱ አይታወቀውም። ቤት ገብቼ ለሠርግ ሰፍቼ የሰቀልኩትን ነጭ ቀሚስ ባወርደው፣ ጠርዙን ያጠፍኩበት ክር ክሬም ሆኖ አገኘሁት። ስንት ሰው እንዲህ ያለ ልብስ ወስዶ ምንም ሳይለኝ ቀርቷል! ያን ሌሊት ፈትቼ በነጭ ክር መለስኩት።

ቀዶ ሕክምናው ራሱ አያስፈራም። ማደንዘዣ ይሰጣል፣ ኃይለኛ መብራት ይታያል፣ ውኃ የሚፈስ ይመስላል፣ ያበቃል። ትዕግሥት የሚጠይቀው ከዚያ በኋላ ነው፦ ጠብታው ከአንድ ወር በላይ ይቆያል፣ ማሸት ክልክል ነው፣ ያልተጣራ ውኃ ዓይን እንዲነካ አይፈቀድም። ጥምቀት ሲደርስ ገና ሁለት ሳምንቴ ስለነበር የሚረጨው እንዳያገኘኝ ከሩቅ ቆምኩ። ከዚያ ርቀት ግን የድባቡን ዘርፍ አንድ በአንድ ለየሁት።

ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው። ከቀዶ ሕክምናው በፊት የዓይኔን ርዝመትና የፊቱን ጉብጠት በመሣሪያ ለክተው የሌንሱን ቁጥር አወጡ። ሥራዬን ግን የጠየቀኝ አልነበረም። እንደተለመደው ለሩቅ ተደርጎ ተሠራልኝ። መንገድ ለሚያቋርጥ፣ ከብት ለሚጠብቅ፣ መኪና ለሚነዳ ትክክል ነው። እኔ ግን የስፌት መኪናዬ ፊት ስቀመጥ መርፌው ጭጋግ ውስጥ ገባ። የተፈጥሮው ሌንስ በወጣትነት ቅርጹን እየለዋወጠ ከቅርብም ከሩቅም ያያል፤ ይህኛው እንደተሠራ ነው የሚኖረው፣ አይለጠጥም።

ለግራ ዓይኔ ስሄድ ሜትሬን አንገቴ ላይ እንዳንጠለጠልኩ ገባሁ። ከቅንድቤ እስከ መርፌው 58 ሴንቲ ሜትር መሆኑን ቤት ለክቼ ነበር፤ ለሐኪሙ በሜትሩ ዘርግቼ አሳየሁት። ወጣት ነው፣ በጥሞና ሰማኝ። «እናቴ፣ ይህንን ዓይን ለዚህ ርቀት ልናደርገው እንችላለን፤ ሩቁን ግን ብቻውን አያጠራም፣ ሁለቱ እስኪስማሙም ጊዜ ይወስዳል» አለኝ። ተስማማሁ። ሌንሱ ምን ያህል እንደሆነ ስጠይቀው መሀሉ 6 ሚሊ ሜትር ስፋት እንዳለው ነገረኝ፤ ከሸሚዝ ቁልፍ ያንሳል፣ ከግራና ከቀኝ ቦታው ላይ የሚይዙት ሁለት ቀጫጭን ክንዶች አሉት። ባዕድ ነገር እንዴት ዓይን ውስጥ ይቀመጣል ስለው፣ ሃሮልድ ሪድሊ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአውሮፕላን መስኮት ስብርባሪ ዓይናቸው ውስጥ የቀረባቸውን አብራሪዎች አይቶ፣ ዓይናቸው ያንን ፕላስቲክ እንደቻለው አስተውሎ፣ በ1949 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የመጀመሪያውን ሌንስ ለንደን ውስጥ እንዳስገባ አጫወተኝ። ፍርሃቴ ያን ጊዜ ለቀቀኝ።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ከበዱኝ። ደረጃ ስወርድ እግሬ ይሳሳት ነበር፣ ማታ የባጃጅ መብራት ይበተንብኛል። አሁን የትኛው ዓይኔ እንደሚያይ እንኳ አላስብም። መኪና ላይ ያለ መነጽር እሰፋለሁ። መርፌ ላይ ክር ለመሰካትና ዳዊት ለመድገም ግን መነጽር ግድ ነው። መጀመሪያ ከመንገድ የገዛሁት ሁለቱም መስታወቱ እኩል ቁጥር ስለሆነ ራሴን አሳመመኝ፤ የእኔ ዓይኖች እኩል አይደሉምና በልኬት አሠራሁ።

ነሐሴ ላይ ቀኜ እንደገና ደበዘዘ። ሰፈር ውስጥ «ሞራው ተመልሶ መጣ» ተባለ፣ እኔም አለቀስኩ። ሞራ ተመልሶ አይመጣም። የደበዘዘው ሌንሱን ከኋላው የደገፈው ስስ የተፈጥሮ ሽፋን ነው፤ በሌዘር ከፈቱልኝ፣ ደቂቃዎች ነው የፈጀው፣ ሌንሱም አልተነካም። እንዲህ ሲያጋጥማችሁ ተስፋ ቆርጣችሁ ቤት አትቀመጡ። የሌንሱ ቁጥር የተጻፈበትን ካርድም አትጣሉ፤ እኔ ከዳዊቴ ጋር አስቀምጬዋለሁ።

ደግሜ ብታከም ይህንኑ ሌንስ አስደርጋለሁ፤ የቀኙን ርቀት ግን ቀድሜ ተነጋግሬ።

ጎረቤቴ እማሆይ በሚቀጥለው ሳምንት ተራቸው ነው። ጥጥ ይፈትላሉ። ትናንት ቤታቸው ሄጄ እንዝርታቸውን እያሾሩ ሳሉ ሜትሬን ዘረጋሁ፦ ከዓይናቸው እስከ እንዝርቱ 45 ሴንቲ ሜትር። ቁጥሩን በወረቀት ጽፌ ከቀጠሮ ካርዳቸው ጋር በመርፌ ቁልፍ አያያዝኩላቸው።